የመርሳ ጋቢ፣ ቁጥር አሥራ አራት

መርሳ ውስጥ ዋጋዬን የማያውቅ ሰው የለም። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነኝ። ድርብ፣ ለስላሳ፣ ሙቀት የምሰጥ፣ ዕድሜ ልክ የማገለግል ነኝ፤ ያውም አንድ ብቻ ቀርቻለሁ። ከፎቶዬ ስር ተጽፎ አገር አንብቦታል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ያን መግለጫ የጻፍኩት እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

እስቲ ሰከን ብዬ ልንገራችሁ። ዙልፋ አቡበከር እባላለሁ፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ አባቴ ሸማኔ ነው። ሸማኔ ነው ስል አንገቴን ደፍቼ አይደለም። በሀብሩ ወረዳ ደህና ጋቢ የፈለገ ሁሉ የእኛን በር ነው የሚያንኳኳው። ግን የአገራችንን ነገር ታውቃላችሁ፤ ሸማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሸማኔውን የሚንቅ ሞልቷል። ከእነዚህ አንዱ ወልድያ ላይ ትልቅ የባህል ልብስ መደብር ያላቸው ሐጂ አብዱልሐሊም ናቸው። አሚር የእሳቸው ልጅ ነው። እኔ ደግሞ አሚርን እወደዋለሁ። በቃ፣ መከራዬ ይኸው ነው።

አሚር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሮ ሲወጣ የአባቱን መደብር ኢንተርኔት ላይ አወጣው። ከጦርነቱ በኋላ ኔት ከተመለሰ ወዲህ የአዲስ አበባውም፣ የዱባዩም፣ የጅዳውም ሰው ስልኩ ላይ ማስታወቂያ እያየ ያዛል። ማስታወቂያውን ታዲያ ሰው ቁጭ ብሎ አይሠራውም። ሰው የሚሠራው ዝርዝሩን ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር ይሰጠዋል፤ መስመሩ ላይ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ መግለጫው፣ ዋጋው፣ ስንት እንደቀረ፣ ፎቶው ይገባል። ማሽኑ በየማለዳው ዝርዝሩን ያነብና ማስታወቂያውን ራሱ ሠርቶ ራሱ ይበትናል።

"ማሽኑ ማንበብ እንጂ ማሰብ አያውቅም፤" ይለኝ ነበር አሚር። "እኛ ከተሳሳትን ስህተታችንን አሳምሮ ነው የሚያወራብን።" የሰው አፍ ነው ወይስ ትንቢት!

የተዋወቅነውም በዚሁ ዝርዝር ነው። አምና የአባቴን ጋቢዎች ይዤ ወልድያ ስደርስ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ፀጉሩን ሲነጭ አገኘሁት። ሃያ ጋቢ አስገብቶ ሃያውንም "ነጭ ጋቢ" ብሎ ጽፏቸዋል። ማሽኑ ደግሞ አንዱን ዕቃ ሃያ ጊዜ ደጋግመሃል ብሎ ሁሉንም መልሶበታል። ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ያስቅሻል?" አለኝ ቀና ሳይል።

"ነጭ ጋቢ የሚባል ነገር የለማ! ይኼኛው በእጅ የተፈተለ ነው። ያኛው የፋብሪካ ክር ነው። ይኼ ጥለቱ ሰፊ ነው፣ የሙሽራ ነው። ይኼ ደግሞ ጭራሽ ጋቢ አይደለም፣ ቡልኮ ነው። ሽማግሌ ቢሰማህ ይታዘብሃል።"

ያኔ ቀና አለ። አየኝ። እኔም አየሁት። አንዳንድ ሰው ሲያይህ ዓይኑ አልፎህ ይሄዳል፤ የሱ ዓይን ግን መጥቶ እኔው ላይ ቆመ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የያዝኩትን ጋቢ ሁሉ መሬት ጣልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙንና መግለጫውን የምጽፈው እኔ ሆንኩ፤ የቀረውን እሱ ይሞላል። ደመወዝም ነበረኝ፤ በነጻ ወደድኩት እንዳትሉ። እሱ ቁጥር ይሰጣል፣ እኔ ቃል እሰጣለሁ። ጋቢዎቹ ይሸጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመርሳ በሚኒባስ ስወጣ እናቴ ዓቢዳ በር ላይ ቆማ "ዛሬስ ለሥራ ነው አይደል?" ትለኛለች። "ለሥራ ነው እማ" እላታለሁ። እሷም ታውቃለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ።

ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ኅዳር ላይ ነው የተበላሸው። መደብሩ ጓሮ ጋቢ ስቆጥር ሐጂ ከልጃቸው ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ይህቺ የመርሳዋ ልጅ ታበዛለች፤" አሉ። "እየሰማህ ነው? ከሸማኔ ጋቢ ይገዛል እንጂ ልጅ አይወሰድም።"

የአሚርን መልስ ጠበቅኩ። ቆሜ ጠበቅኩ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ የሱ ዝምታ ሆዴ ውስጥ ነቀዘ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ለሥራ ብቻ ነበር የማናግረው። እሱ ግን አልተወኝም። ጥር ላይ ለአዲሶቹ ጋቢዎች ጥሩ ብርሃን እንፈልግ ብሎ ሲሪንቃ ወሰደኝ፤ ከእርሻ ምርምር ማዕከሉ ወዲህ መንገድ ዳር ያሉት ትልልቅ ዛፎች ስር። ጋቢዎቹን አንድ በአንድ ገመድ ላይ እየዘረጋን አነሳን። ነፋስ መጣና አንዱን ጋቢ ገንጥሎ ማሳ ለማሳ ይዞት በረረ። እኔ ሩጫዬን ለቀቅኩት። ይዤው፣ ደርቤው፣ እያለከለክሁ ዞር ስል አሚር ካሜራውን ደግኗል። ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ሳቅ መጣብኝ!

"አንድ ቀን አፌ ይከፈታል፤" አለኝ ካሜራውን እያወረደ። "ለአባቴም እነግረዋለሁ። ትንሽ ታገሺኝ።"

ታገስኩት። ሞኝ አትበሉኝ፣ የወደደ ሁሉ ይታገሳል።

ከዚያ ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ያ የገበያ ቀን መጣ። በጠዋት ጤፍ ላስፈጭ ስወጣ የባጃጁ ሹፌር ከት ብሎ እየሳቀ "ዙልፊ፣ ቅናሽ የለሽም ወይ?" አለኝ። ያበደ መሰለኝ። ወፍጮ ቤት ስደርስ ሴቶቹ ስልክ ከበው አፋቸውን ይዘዋል። አንዷ ሰጠችኝ። አየሁት።

የሲሪንቃው ፎቶ ነው። ሳቄ እስከ ጆሮዬ፣ ሻሼ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ፊቴ ስልኩን ሞልቶታል። ከስሩ "የመርሳ ድርብ ጋቢ፣ ቁጥር 14። ለስላሳ፣ ሙቀት የሚሰጥ፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል። 3,200 ብር። አንድ ብቻ ቀርቷል።" ከዚያ በታች ደግሞ "አሁኑኑ ይዘዙ" የሚል አረንጓዴ ቁልፍ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ጅዳ ያለችው አክስቴ እንኳን አይታ "ምን ጉድ ነው?" ብላ ደውላለች። እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ መርሳ ሙሉ የሚያወራው እኔን ነበር። ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹ "የሸማኔ ልጅ፣ ምን ታድርግ፣ ራሷን ሸጠች" ይላል። ሁለተኛውን አባቴ ሰማው። ከሸማ ጉድጓዱ ወጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ አልጋው ላይ ተቀመጠና ያን ቀን ሁለተኛ ሥራ አልነካም። አባቴ ሥራ ሲያቆም ያየሁት አያቴ የሞቱ ዕለት ብቻ ነው።

ያም ይሁን፣ ስህተት ነው አልኩ። ማሽን ነው፣ ይሳሳታል። አሚር አሁን ይደውላል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ስልኬን እንቁላል እንደያዘ ሰው ይዤ ዋልኩ። ከዐሥር በኋላ ማስታወቂያው ወረደ። በምትኩ በመደብሩ ገጽ ላይ ይህ ወጣ፦ "በዛሬው ዕለት በቴክኒክ ስህተት ከእኛ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላት ግለሰብ ፎቶ ወጥቷል። ክቡራን ደንበኞቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።"

ደግሜ አነበብኩት። ግንኙነት የሌላት! ግለሰብ! ይቅርታውም ለእኔ ሳይሆን ለደንበኞቹ! ገጹ ላይ የሚጽፈው አሚር ብቻ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ያልወጣው ዕንባ ያኔ ዓይኔን ሞላው፤ ግን አላፈሰስኩትም። እኔ ዙልፋ ነኝ፣ ለጽሑፍ መልሱ ጽሑፍ ነው አልኩና ወረቀት አነሳሁ።

"ለአሚር፦

ያቺ ግለሰብ እንደምን ሰነበትክ ትልሃለች። ከእናንተ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌላት ስላሳወቅሃት ታመሰግናለች። ዋጋ ተለጥፎብኝ አገር ሲስቅ አልተጎዳሁም፤ ማሽን ነው ብዬ ነው። ይህን የጻፈው ግን ማሽን አይደለም። ኅዳር ላይ አባትህ ስለ እኔ ያሉትን ጓሮ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ የአንተንም ዝምታ ሰምቻለሁ። ያኔ ዝም አልክ፣ አሁን ደግሞ ካድክ። ሦስተኛውን አልጠብቅም።

ዙልፋ"

ደብዳቤውን ለጓደኛዬ ለሮማን ሰጠኋት። ወልድያ ነው የምትማረው፤ በነጋታው እጁ ላይ አስቀምጣ መልሱን ይዛልኝ መጣች።

"ፊቱ ገርጥቷል፤" አለችኝ። "ለመናገር ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተና ዘጋው። አባቱ ከኋላ ቆመው ነበር።"

መልሱ የተጻፈው በመደብሩ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። "ዙልፋ፣ አባትሽ አባቴን አበጋር ዘንድ እንደጠራው ሰምተሻል። ጁምዓ እንመጣለን። እስከዚያ ምንም አትናገሪ። እባክሽ።"

አትናገሪ! ለእኔ! ወረቀቱን ቀዳድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ ጉዳዩ በዝምታ እንዲያልቅለት ይፈልጋል፣ ካሳ ከፍሎ ሊገላገለኝ ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩና ሆድ ባሰኝ።

አባቴ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ ይችል ነበር። በሀብሩ ግን ክብር የተነካበት ሰው የሚሄደው አበጋር ዘንድ ነው፤ አበጋር የአገር አስታራቂ ነው፣ ዱዓው ይፈራል። ፊቱ የተቀመጠ ሰው እውነቱን ካላወጣ እርቁ አይያዝም ይባላል። የእኛ አበጋር ደግሞ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ዓይናቸው ግን መርፌ ቀዳዳ የሚያይ ሽማግሌ ናቸው።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ግቢያችን ማንጎው ስር ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ጎረቤቱና የመርሳ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሐጂ አብዱልሐሊም በመኪና መጡ፤ ሁለት የወልድያ ሽማግሌ፣ ሁለት ሙክት፣ አንድ የታሸገ ፖስታ ይዘው። ምንጣፉ ላይ አልተቀመጡም፣ ወንበር አስመጡ። አሚር ከኋላቸው መጥቶ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበረከከ። እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ አየዋለሁ። ከስቷል። ሸሚዙ እንኳን አልተተኮሰም። ልቤ ወደ እሱ ሊሄድ ሲል "ተመለስ!" አልኩት።

አበጋሩ ዱዓ አድርገው "አሚን" ከተባለ በኋላ ወደ አሚር ዞሩ።

"ልጄ፣ የዚህች ልጅ ምስል አንተ ዘንድ ምን ያደርጋል?"

ሐጂ ቀደሙት። "አበጋር፣ ነገሩ ቀላል ነው። ልጅቱ ጋቢ ለብሳ የተነሳችው ለሥራ ነው፤ ደመወዝተኛችን ነበረች። በስህተት ወጣ። ለደረሰው ሁሉ ካሳውን ይዘን መጥተናል።"

"ሐጂ፣ የጠየቅኩት ልጅዎን ነው፤ አንቱን አይደለም።"

አሚር ወደ አበጋሩ ቀረብ አለ። እኔ ጓዳ ውስጥ የእናቴን እጅ ጨበጥኩ።

"አበጋር፣ ስህተቱ የእኔ ነው፤" አለ። "ለየዕቃው ዝርዝር አለን። ፎቶዎቹ በቁጥር ነው የሚሰየሙት። ማሽኑ ቁጥሩን እያየ ፎቶውን ይወስዳል። ሁለት ፎቶ አንድ ቁጥር ሲይዙ ደግሞ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካውና…"

"እና ጥፋቱ የማሽኑ ነው?" አሉ አንዱ ሽማግሌ። "ታዲያ ማሽኑ ለምን አልተጠራም?"

ሳቅ ሆነ። አሚር ላብ አጠመቀው። ስለ መስመሩ፣ ስለ ፋይሉ፣ ስለ ቁጥሩ ይናገራል፤ ይናገራል፤ እዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ እኔ የለሁም። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቱ ፊት ስሜን እንዲጠራ። ካሳውም፣ ሙክቱም፣ የአገሩም ሳቅ ከጉዳዬ አልነበረም። ደግሞ ሊያልፈኝ ነው አልኩ። በሩን ከፈትኩት።

እናቴ ቀሚሴን ያዘች። "አንቺ ልጅ! ወንዶች ተቀምጠው!"

"እማ፣ ዋጋ የተለጠፈው በእነሱ ላይ አይደለም።" ለቀቀችኝ። ወላሂ፣ ገፋ ያደረገችኝም ይመስለኛል።

ማንጎው ስር ስደርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "አበጋር፣ ይፍቀዱልኝ" አልኩ።

"ተናገሪ ልጄ። ነገሩ ያንቺ ነው።"

"አሚር፣" አልኩት፣ "ማሽኑ ፎቶዬን እንዴት አወጣው ብሎ ማንም አልጠየቀህም። አንተ ለምን አስቀመጥከው ነው የተባልከው። ያን ዝርዝር አብረን ነው የሠራነው፤ ጋቢ በጋቢነቱ፣ ቡልኮ በቡልኮነቱ እንዲጻፍ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። እስቲ አሁን እኔን ጻፈኝ። ማን ነኝ? ያቺ ግንኙነት የሌላት ግለሰብ ነኝ?"

ቀና አለ። ያ ዓይኑ መጥቶ እኔው ላይ ቆመ። አባቱን አላየም፤ ሽማግሌዎቹን አላየም።

"ፎቶሽን አሥራ አራት ብዬ የሰየምኩት ጥር አሥራ አራት ቀን ስላነሳሁት ነው፤" አለ። "ያን ቀን እንዳልረሳው ብዬ። በየምሽቱ ሥራ ስጨርስ ከፍቼ አይሻለሁ። ለራሴ ያስቀመጥኩትን ከሥራው ጋር አንድ ቦታ በማኖሬ ጋቢው ቦታ ገባሽ።"

"ቀኑን ለምን እንዳትረሳው ፈለግክ ልጄ?" አሉ አበጋሩ ቀስ ብለው።

"ስለምወዳት ነዋ።"

ሐጂ ሊናገሩ እጃቸውን አነሱ።

"አልጨረስኩም፤" አለ አሚር፣ ድምፁ እየጠነከረ። "ያን ይቅርታ አባቴ ነው ያጻፈኝ፤ የላክሁት ግን እኔ ነኝ። ጣቴ ነው የነካው። ኅዳር ላይም አባቴ ስለ እሷ ሲናገር ዝም ብያለሁ። ፈርቼ ነው። ምንም አትናገሪ ያልኳትም ዛሬ እኔ ልናገር ብዬ ነበር፤ እዚህ ስደርስ ደግሞ ማሽኑ ኋላ ተደበቅኩ።" ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ መሬቱን ሳመ። "አባባ አቡበከር፣ ሰው በገዛ አፉ ሴት ልጅ እንደማይጠይቅ አውቃለሁ። ሽማግሌ ግን የሚልክልኝ የለም። ዙልፋን እፈልጋለሁ።"

ሐጂ ብድግ አሉ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

"አሚር! ተነስ፣ እንሂድ።"

"አልነሳም አባ።"

አባቴ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። አባቴ ቁመቱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ከሐጂ እኩል የቆመ መሰለኝ።

"ሐጂ፣ ካሳውን ይዘው ይሂዱ፤" አለ። "ለልጄ ዋጋ የወጣላት በስህተት ነው። አንቱ ግን ለኔ ሆን ብለው ዋጋ ሲያወጡልኝ ሠላሳ ዓመት ሆኖዎታል። ስለ ሸማኔ የሚሉትን ልጄ አልነገረችኝም። ይህ ነገር ለሸማኔ አይነገርም፤ ያውቀዋል። ጋቢዬን ሲቀበሉ እጄን ሳይነኩ ነው የሚቀበሉት።"

ሐጂ ዞረው ወደ ግቢው በር ሄዱ።

"ሐጂ፣" አሉ አበጋሩ፣ "ጥሎ የሄደ ሰው ካለ ዱዓ አይዘጋም። ይህን አንቱም ያውቃሉ።"

ሐጂ ሳይመለሱ፣ ሳይወጡም፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን በሩ ላይ ቆሙ። አሚር ከምንጣፉ ንቅንቅ አላለም፤ ግን የአባቱን ጀርባ ሲያይ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አንጀቴን በላው። እንግዲህ እወቁልኝ፣ የፈለግኩትን አግኝቻለሁ። ስሜን ጠርቷል፤ አባቱ ፊት፣ አገር ፊት ወደድኳት ብሏል። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ እዚያው መቆም እችል ነበር። እግሬ ግን ወደ አሚር ሳይሆን ወደ ሐጂ ወሰደኝ።

"አባባ፣" አልኳቸው። ሐጂ አላልኳቸውም።

"ደግሞ አንቺ ምን ቀረሽ?"

"ልጅዎን ልነጥቅዎ አልመጣሁም።"

"ነጥቀሽኝ አየሁ እኮ! እንቢ አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ እንቢ ብሎኝ አያውቅም።" ድምፃቸው ተሰነጠቀ። "መደብሩን ብነሳውስ? ባዶ እጁን ትወስጂዋለሽ?"

"እወስደዋለሁ። እኔም እጅ አለኝ፤ ሥራውንም አውቀዋለሁ፤ አብረን እንሠራለን። ግን ያለ አንቱ ምርቃት ብወስደው ደስታ አይኖረውም። አንቱን ሲያነሳ ዓይኑ ይሞላል። በዚያ ሁሉ ጦርነት መደብሩ ሲዘረፍ 'ልጄ ተርፎልኛል፣ የቀረው ይቅር' ያሉትን አሥር ጊዜ ነግሮኛል። እየነገረኝ ያለቅሳል። እንዲህ የሚወድዎን ልጅ ከአንቱ ለይቼ የትም አልደርስ።"

ሐጂ ቀስ ብለው ዞሩ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ያለውን ልጃቸውን አዩት።

"ለእኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም" አሉ።

"ለአንቱ ማን ይናገራል አባባ? አንቱ ይናገራሉ እንጂ።"

ከኋላዬ እናቴ "ውይ ልጄ!" ስትል ሰማኋት። አበጋሩ በድዳቸው ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። ከዚያ አልፈውኝ ሄዱ፤ ወንበሩን ማንሳት ትተው ምንጣፉ ላይ፣ አባቴ አጠገብ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ ትንሽ ዘግይቶ ያዘው። ሳይለቁት ተናገሩ።

"አቡበከር፣ በድዬሃለሁ፣ አውፍ በለኝ። ዛሬ የመጣሁት ለእርቅ ነው። ሴት ልጅ በእርቅ ቀን አትጠየቅም፤ ወግ አይደለም፣ ያንተም ክብር አይደለም። ዒድ ሲያልፍ በሽማግሌ እመጣለሁ። እኔው ራሴ፣ ከፊት ሆኜ። ያኔ እንቢ ብትለኝም መብትህ ነው።"

"ለእሷ ነው የሚነግሯት፤" አለ አባቴ። "አግቢዋ እሷ ናት። ዙልፋ፣ በሽማግሌ ቢመጡ ምን እንበላቸው?"

ያ ሁሉ ምላሴ የት ገባ? ሃያ ሰው ያየኛል፤ አሚር ያየኛል፤ እኔ አንድ ቃል አጣሁ። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ። አበጋሩ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ሰው ሁሉ ዘረጋ። "አሚን" ሲባል የአሚር ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማኝ።

ጓዳ እንደገባሁ እናቴ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ትከሻዋ ላይ ተደፋሁና ይዤው የነበረውን ሁሉ አለቀስኩት። "አብሽሪ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?" ትለኛለች ጀርባዬን እያሻሸች። ደስ ብሎኝ ነው እማ ለማለት እንኳን ትንፋሽ አልነበረኝም።